ስማችን የጠፋበት ሳምንት

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ይህን ለእናንተ በድፍረት እናገራለሁ እንጂ ለቀጠረኝ ድርጅት ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ሰበታ ያለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቀጥረኝ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን የቢሮው ፕሪንተር ወረቀት ነክሶ አልለቅም አለ። ሰው ሁሉ ከቦት ሲመካከር እኔ ክዳኑን ከፍቼ ወረቀቱን ጎትቼ አወጣሁት። ጥፋቴ ይኸው ነው። በሳምንቱ በሬ ላይ «አይቲ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። በወሩ የሠራተኞች ካፌ ፍሪጅ አላቀዘቅዝ ሲል እኔ ተጠራሁ፤ አይቲ አይደለህ ተባልኩ። ፍሪጁንም ሠራሁት፤ ሶኬቱ ወልቆ ነበር። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ።

አንዴ አዋቂ ከተባልኩ ወዲህ «አላውቅም» የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ። የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ ግንባሬን ቋጠር አድርጌ «ችግሩ ከኔትወርኩ ነው» እላለሁ። ኔትወርኩ መጥቶ አይከራከረኝም። በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓመት በክብር ኖርኩ።

የድርጅቱ ኢሜይል የሚገባውና የሚወጣው ሰርቨር በምንለው ማሽን ነው። ሰርቨር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከእኔ በፊት የነበረው እውነተኛ ባለሙያ አዘጋጅቶት የሄደ፣ ከክር መጋዘኑ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል የተቀመጠ፣ የጥጥ ብናኝ እየዋጠ እንደ አስም በሽተኛ የሚያንኮራፋ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ገመቹ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያስጎበኙት የሽመና አዳራሹን ሳይሆን ያቺን ክፍል ነው። በሯን ገርበብ ያደርጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የራሳችን ነው» ይላሉ። የድርጅትን ደብዳቤ በግል ኢሜይል መላክ ለእሳቸው በጎረቤት ኮት ሠርግ እንደ መሄድ ነው። ስለዚህ ማንም ሠራተኛ የድርጅቱን ደብዳቤ በግል አድራሻው እንዳይልክ የሚል ማስጠንቀቂያ ፈርመውና ማኅተም አድርገው የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፈዋል።

መጋቢት ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት ዘይነባ በሬን ሳታንኳኳ ገባች። ዘይነባ የሽያጭ ክፍል ኃላፊያችን ናት። አባቷም አያቷም ነጋዴዎች ስለሆኑ ነው መሰለኝ ወሬ ማስረዘም አትወድም። ለጅቡቲ የላከችው ደብዳቤ ተመልሶ እንደመጣባት ነገረችኝ። ቀላል ደብዳቤ አልነበረም። የጅቡቲው ገዢ ለሆቴሎች ስምንት ሺህ ብርድ ልብስ ይፈልጋል፤ የእኛን የጽሑፍ ማረጋገጫ የሚጠብቀው እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ያ ካለፈ ሥራውን ለሌላ ፋብሪካ ይሰጣል። እኛ ዘንድ ደግሞ የሁለተኛው ፈረቃ ሥራ ከቆመ አምስት ወር አልፎታል። በዚያ ፈረቃ ይሠሩ የነበሩት ብዙዎቹ ከወላይታና ከሀዲያ የመጡ ወጣቶች ናቸው። አገራቸው አልተመለሱም፤ በየጠዋቱ የፋብሪካው በር ላይ እየመጡ ሥራ ተጀምሮ እንደሆነ ዘበኛውን ይጠይቃሉ። የጅቡቲው ትእዛዝ ከተገኘ ይገባሉ፤ ካልተገኘ የመጀመሪያውም ፈረቃ ነገር ያጠራጥራል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ምን ብላት ጥሩ ነው? ግማሽ ሰዓት ስጪኝ አልኳት።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁልጊዜ የማደርገውን ነው። አጠፋሁት፣ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፣ አበራሁት። ከዚያ ለሙከራ ለራሴ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሰላም፣ እንዴት ነህ የሚል። ወዲያው ደረሰኝ። ደኅና ነኝ ብዬ ለራሴው መለስኩ፤ እሱም ደረሰኝ። ለዘይነባ ላክሁ፤ ደረሳት። ለግዢ ክፍል ላክሁ፤ ደረሳቸው። ተሠርቷል ብዬ ለኦቦ ገመቹ ሪፖርት አደረግሁ። እሳቸውም «ገለቶሚ» ብለው አመስግነው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከአንድ ግቢ ሳይወጣ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዞር ደብዳቤ ስለ ውጭው ዓለም ምንም እንደማይመሰክር የገባኝ፣ ዘይነባ የጅቡቲውን ደግማ ልካው ደግሞ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ከውጭ የሚገባው ሁሉ ደኅና ይገባል። ከእኛ በር የሚወጣው ሁሉ ግን ዞሮ እኛው ጋ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ነገር ሞከርኩ። የሠራተኛውን ሁሉ የይለፍ ቃል ቀየርኩ፤ አዲሶቹን የጻፍኩበትን ወረቀት የት እንዳስቀመጥኩት ስለጠፋኝ ቢሮው በሙሉ ለሁለት ሰዓት ሥራ ፈታ። ሰርቨሩን ቦታ ቀይሬ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት፤ ንጹሕ አየር ቢያገኝ ብዬ። በመጨረሻ ብናኙ ሊሆን ይችላል ብዬ ከፋብሪካው ጥገና ክፍል የአየር ቱቦ ተውሼ ሆዱን ከፍቼ ነፋሁበት። ብናኙ ወጣ። የት እንደሄደ ልንገራችሁ? በሩ ላይ ቆመው ይመለከቱኝ የነበሩት ኦቦ ገመቹ ጥቁር ኮት ላይ። እሳቸው አንድ ጊዜ አስነጠሱ።

ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ተመልሶ የመጣው ደብዳቤ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ እንድተረጉምላቸው ጠየቁኝ። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ደቂቃ አላነበብኩትም ነበር። ቁጥር የበዛበት ጽሑፍ ሳይ እዘለዋለሁ። ፈራ ተባ እያልኩ አንዱን ዐረፍተ ነገር ተረጎምኩት። የእናንተ አድራሻ ስሙ መጥፎ ስለሆነ ደብዳቤያችሁን አንቀበልም ይላል።

ኦቦ ገመቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ስሜ መጥፎ ነው ያለው ማን ነው?» አሉ።

የእርስዎ ሳይሆን የማሽኑ ስም ነው ብላቸው አልሰማ አሉኝ። ማሽኑ የማን ነው? የእሳቸው። ሠላሳ ዓመት ሰበታ ሲኖሩ ሲዳኙ እንጂ ሲከሰሱ አልታዩም። ይህን ያለው ሰው የየት አገር እንደሆነ፣ ሰፈሩ የት እንደሆነ፣ ዘመድ እንዳለው ጠየቁኝ። አይታወቅም አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ እንግዲያው የሚያውቃቸው ሰው ፈልግና ሽማግሌ እንላክባቸው አሉ። አልሳቅሁም። የተሻለ ሐሳብ ያለው ሰው ነው የሚስቀው።

ማክሰኞ መርማሪ ሆኜ ተነሣሁ። ስማችንን ያጠፋው የአንዱ ደንበኛችን ኮምፒውተር ላይ ያለ ቫይረስ መሆን አለበት ብዬ የገቢ ደብዳቤዎችን ዝርዝር ሳገላብጥ አንድ ስም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሐጂ ኑረዲን። ቡራዩ ያሉ አከፋፋያችን ናቸው። በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ ለወራት ሳያቋርጡ፣ ወደ ድርጅቱ አጠቃላይ አድራሻ ጽፈዋል። ያንን ሣጥን ማንም ከፍቶ አያየውም። ከፍቶ እንዲያይ የተመደበው ሰው እኔ ነበርኩ። ጤነኛ ሰው ስለ ብርድ ልብስ በቀን አምስት ጊዜ አይጽፍም፤ ያዝኩት ብዬ ብድግ አልኩ። ደብዳቤዎቹን አልከፈትኳቸውም። ቫይረስ ያለበት ነገር ይከፈታል እንዴ?

ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ ታክሲ እየቀያየርኩ ሄድኩ። ሐጂን ምን ብዬ እንደምወቅሳቸው በሆዴ ስለማመድ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ኖሯል፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የምጸልይ መስሏቸው አሜን አሉ።

ሐጂ ኑረዲን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከሰበታ መምጣቴን ስነግራቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ለስላሳ አስመጡ፤ ሳምቡሳ አስመጡ። ስለ ኦቦ ገመቹ ጤና ጠየቁ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ እኔ እናትና አባት፣ ስለ ሰበታ ዝናብ ጠየቁ። ወቀሳዬን የማስገባበት ክፍተት ስፈልግ ሳምቡሳው አለቀ። በመጨረሻ እንደምንም ደፍሬ፣ ሐጂ፣ ኮምፒውተርዎ እርስዎ ሳያውቁት ደብዳቤ ሳይልክ አይቀርም፤ በቀን አምስት ጊዜ ይጽፍልናል አልኳቸው።

«ኮምፒውተሩ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አሉ።

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ነገሩ የተጀመረው በመስከረም ነው። ሐጂ ስለ አንድ ጭነት ወደ እኛ ሲጽፉ ወዲያው መልስ ደረሳቸው። እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ፣ ዘመኑ የጤናና የበረከት ይሁንላችሁ ይላል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ። ከግርጌው የኦቦ ገመቹ ስም አለ። ሐጂ ሰላምታ ሳይመልሱ የሚያልፉ ሰው አይደሉም። አሚን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ብለው ጻፉ። ለዚህም ወዲያው እንኳን አደረሳችሁ መጣላቸው። መለሱ። መጣላቸው። ትልቅ ሰው ቀድሞ ዝም ማለት ነውር ነው ብለው እንጂ ጣታቸው ዝሎ ነበር። ሱቅ ሲከፍቱ ይመልሳሉ፤ ከሰላት ሲመጡ ይመልሳሉ፤ ሱቅ ሲዘጉ ይመልሳሉ። ጥቅምት አለፈ፤ ገና አለፈ፤ የአዲስ ዓመት ምኞቱ አልቆመም። ኦቦ ገመቹ ያን ሁሉ ፋብሪካ እየመሩ በቀን አምስት ጊዜ እንደሚያስቧቸው ሲያዩ አንዳንዴ እንባቸው ይመጣ እንደነበር ነገሩኝ።

ያንን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጳጉሜን ላይ ኦቦ ገመቹ ለደንበኞቻችን ሁሉ የመልካም ምኞት መልእክት እንዳደርስ አዘውኝ ነበር። ለእያንዳንዱ ከመጻፍ ብዬ፣ ከውጭ ለሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ሰርቨሩ ራሱ ሰላምታውን እንዲመልስ አደረግሁት። ለሦስት ቀን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ በዓል ሆነ፤ ዶሮ በላሁ፤ ረሳሁት።

መልሱን ሲልክላቸው የከረመው ማሽን እንደሆነ ሳስረዳቸው ሐጂ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ የጻፍኩትንስ ማን ሲያነበው ነበር?» አሉኝ።

ማንም አልኳቸው። ለካ በጥር ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ኦቦ ገመቹን የጠሩት በዚያው መልስ ላይ ነው። ለሠርጉ ጥሪ የተመለሰላቸው እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ የሚል ነበር። ኦቦ ገመቹ ሳይመጡ ሲቀሩ ቅር አላቸው፤ ቅሬታቸውንም በዚያው ጻፉ። ለቅሬታው ምን እንደተመለሰላቸው አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም። የመጣሁት ቫይረስ ፍለጋ ነው፤ ቫይረስ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ምርመራዬ ውጤት አላመጣም ብዬ ወደ ሰበታ ተመለስኩ። ሰላምታውን ወዲያው ለማጥፋት ፈልጌ ነበር፤ የት ቦታ እንዳበራሁት ግን አላስታውስም።

ሁለተኛ ደረጃ አብራኝ የተማረች ቶለሺ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። ያኔ የሒሳብ የቤት ሥራዋን እገለብጥ ነበር። አሁን የትልልቅ ድርጅቶችን ሰርቨር ከቤቷ ሆና የምትቆጣጠር ባለሙያ ናት፤ በዚያ ላይ ሩጫ ጀምራ መኖሪያዋን ሱሉልታ አድርጋለች። ስደውልላት ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ እንደሆነች፣ ጊዜ የምታገኘው ጠዋት ስትሮጥ ብቻ እንደሆነ፣ ከፈለግሁ እየሮጥኩ መጠየቅ እንደምችል ነገረችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ረቡዕ ጠዋት በቆዳ ጫማ ሄድኩ።

አልቀለደችም። ከአዲሱ ገበያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳገቱን ወጥቶ ሱሉልታ ሲያወርደኝ አስፋልቱ ዳር ሰውነቷን እያሟሟቀች ነበር። ሰላም አለችኝና ጫማዬን አየች። ሩጫዋን ጀመረች። ሱሉልታ ሰፊ ሜዳ ነው፤ የሌለው ነገር አየር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሁለት መቶ ሜትር እየተናገርኩ ሮጥኩ፤ ሁለተኛውን እያቃሰትኩ፤ ከዚያ ወዲያ በእጅ ምልክት ነው ያስረዳኋት። እውነተኞቹ ሯጮች በቡድን ሆነው በአጠገቤ እንደ ነፋስ ሲያልፉ አንዷ ልጅ በርታ አባባ አለችኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

የሐጂን ነገር እንደ ቀልድ ጣል ሳደርግላት ግን ቶለሺ ፍጥነቷን ቀነሰች። ሰላምታው ከውጭ ለሚመጣ ለማንኛውም ደብዳቤ የሚመለስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለማንኛውም አልኳት።

«ለአጭበርባሪ ደብዳቤም?» አለችኝ።

ሰርቨሩ ሰው አይመርጥም አልኳት፤ እንደ ጥሩ ነገር ነው የነገርኳት።

ያኔ ነው ቁርጡን የነገረችኝ። የዓለም አጭበርባሪዎች የሎተሪና የመድኃኒት ማስታወቂያ በየቀኑ ወደ እያንዳንዱ ሰርቨር ይረጫሉ። ሲጽፉ ግን በራሳቸው ስም አይደለም፤ የሌላ ሰው አድራሻ ሰርቀው ነው። የእኛ ሰርቨር ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ በትሕትና እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ሲመልስ፣ መልሱ የሚደርሰው ለአጭበርባሪው ሳይሆን አድራሻው ለተሰረቀበት ሰው ነው። ብራዚል ያለ የጥርስ ሐኪም፣ ፊንላንድ ያለች አስተማሪ፣ ስለ ሰበታም ስለ ብርድ ልብስም ሰምተው የማያውቁ ሰዎች በጥርና በየካቲት ከኦቦ ገመቹ የእንቁጣጣሽ ምኞት ሲጎርፍላቸው ከርሟል ማለት ነው። ሰዎቹ ታገሡ፤ ታገሡና አመለከቱ። እንዲህ ያሉ አስቸጋሪ ላኪዎች የሚመዘገቡበት ጥቁር መዝገብ አለ። እኛም እዚያ ሰፈርን። መዝገቡን የሚያዩ ሰርቨሮች ሁሉ በራቸውን ዘጉብን። ሌላው ድርጅት ስሙ የሚጠፋው ሰው አታሎ ወይም ሰድቦ ነው፤ የእኛ የጠፋው በሰላምታ ብዛት ነው።

ቶለሺ ሦስት ነገር እንዳደርግ ነገረችኝ። አንደኛው ሰላምታውን ማጥፋት ነው፤ የት እንደማገኘውም አስረዳችኝ። ሁለተኛው መዝገቡን ለሚይዙት ሰዎች እውነቱን ጽፌ እንዲሰርዙን መለመን ነው። ሦስተኛውን ስትናገር ሰዓቷን አይታ ፍጥነቷን ጨምራ ነበር፤ ወደ ኋላ ዞር ብላ የሆነ ነገር ጮክ ብላ አለች፤ ነፋሱ ወሰደው። እኔም ገባኝ ብዬ እጄን አውለበለብኩላት። ባልሰማሁት ነገር ላይ ገባኝ ማለት የቆየ አመሌ ነው። ከሦስት ሁለት ጥሩ ውጤት ነው ብዬ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሰላምታውን አጠፋሁት። ከዚያ የመዝገቡን ማመልከቻ ከፈትኩ። የችግሩ ምክንያት ምን ነበር የሚል ጥያቄ አለው። መጀመሪያ የኔትወርክ ችግር ብዬ ጻፍኩ፤ ልማድ ነው። ከዚያ ሰርዤ እውነቱን ጻፍኩ። ለሦስት ቀን የታሰበ ሰላምታ ለስድስት ወር ስለላክሁ፣ ስንፍናዬ ያስቸገራቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ። በሥራ ዘመኔ የጻፍኩት የመጀመሪያው እውነተኛ ሪፖርት ሳይሆን አይቀርም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ መልስ መጣ፤ ተሰርዛችኋል ይላል።

ሮጬ ለኦቦ ገመቹ ስማችን እንደተመለሰ ነገርኳቸው። ማን አጥፍቶት እንደነበር ጠየቁኝ። ኔትወርኩ ነው አልኳቸው።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ እኔ ራሴ ነኝ የምልከው አሉ። ተቦርሾ የጸዳውን ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው መጡ። የቢሮው ሰው ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቆ ቆመ። ዘይነባ የጅቡቲውን ደብዳቤ አዘጋጅታ ከፈተችላቸው፤ ፊቷ ላይ ያልገባኝ ነገር ነበር፤ ጭንቀት ነው ብዬ አለፍኩት። ኦቦ ገመቹ «ያ ዋቅ» ብለው ፈጣሪን ጠሩና በአንድ ጣታቸው ተጫኑት። ሰው አጨበጨበ። ልክ አሥር ሰዓት ነበር።

ጭብጨባው ሳያባራ ሰርቨሩ ማንኮራፋቱን ትቶ መጮህ ጀመረ። በእነዚያ ቀናት አንዳንዶቹ ሰርቨሮች ሂድ ሲሉን፣ አንዳንዶቹ ቆይተህ ና ብለውን ኖሯል። ቆይተህ ና የተባሉት ሰላምታዎች ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ተሰልፈው ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። አራት ሺህ ይሆናሉ። እኔ አዲስ ሰላምታ እንዳይጻፍ አደረግሁ እንጂ የተጻፉትን አልደመሰስኩም። ቶለሺ ከነፋሱ ጋር የነገረችኝ ሦስተኛ ነገር ይኸው ነበር። በሩ ሲከፈት ሰልፉ ግር ብሎ ወጣ። የጅቡቲው ደብዳቤ ከሁሉም ኋላ ቆሟል።

ገመዱን ልነቅል ዘለልኩ፤ የነቀልኩት ግን የግድግዳውን ማራገቢያ ነበር። ትክክለኛውን እስካገኝ ግማሹ ሰላምታ ዓለምን አዳርሷል። መልሼ ሳበራው እንደገና መዝገቡ ላይ ሰፍረናል፤ የጅቡቲው ደብዳቤም ዞሮ መጣ። አሥር ሰዓት ከሃያ። አርባ ደቂቃ ቀረን።

ኦቦ ገመቹ ስክሪኑን አዩ። በየመስመሩ እንኳን አደረሳችሁ፣ በየግርጌው የእሳቸው ስም ይታያል። ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጳጉሜንን፣ ሐጂን፣ ሠርጉን፣ የጥርስ ሐኪሙን። ስናገር በመስኮቱ በኩል የፋብሪካው በር ይታየኛል። ሥራ የሚጠብቁት ልጆች ሐሙስ ወሳኝ ቀን መሆኑን ሰምተው ከወትሮው በዝተው መጥተዋል፤ አጥሩን ተደግፈው ወደ እኛ ሕንፃ ያያሉ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነገሩን የራሴ ውርደት አድርጌ ነበር የማየው። በግል አድራሻም ቢሆን አሁኑኑ እንላከው ብዬ ለመንኳቸው።

ያኔ ዘይነባ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ማክሰኞ ልኬዋለሁ» አለች። «በራሴ አድራሻ። ትናንት ተስማምተናል ብለው ጽፈዋል።»

እኔ ቡራዩ ሳምቡሳ ስበላ ደብዳቤው ተልኳል፤ ሱሉልታ ላይ ነፍሴ ሊወጣ ሲል ጉዳዩ አልቋል ማለት ነው። ለምን አልነገርሽንም አልኳት። ትእዛዙ በማኅተም ተለጥፏል፤ ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ፤ የአንተ ከተሳካ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ ነበር አለችኝ። ከዚያ ወደ ኦቦ ገመቹ ዞራ፣ ለጥፋቷ ይቅርታ እንደምትጠይቅ፣ ግን እነዚያ በር ላይ የቆሙትን እያየች መጠበቅ እንዳልቻለች ነገረቻቸው።

ኦቦ ገመቹ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው መልሱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከክፍሉ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ሲራመዱ ሰማን፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ሲላጥ ሰማን። ቀጥሎ በመስኮቱ ወደ በሩ ሲሄዱ አየናቸው። ለልጆቹ ያሉትን አልሰማሁም። ከልጆቹ አንዷ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች፤ ሌሎቹ ተቃቀፉ።

ሁለተኛው ፈረቃ በሚቀጥለው ሰኞ ገባ። እኛ ከመዝገቡ ዳግም እስክንሰረዝ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ሰዎቹ ሁለተኛ ጊዜ ለሚመጣ በቀላሉ አይራሩም። የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ አሁን ዘይነባ ጋ ነው፤ እኔ የምገባው ፈርሜ ነው። ከሥራ አልተባረርኩም፤ ለምን እንዳልተባረርኩ ጠይቄ አላውቅም፤ እናንተም እንዳታስታውሱብኝ።

በዚያው ሰሞን ኦቦ ገመቹ ለሐጂ ኑረዲን ልጅ ከፋብሪካው ምርጥ የሆነውን ብርድ ልብስ አስጠቅልለው ቡራዩ ሄዱ፤ እኔም ይቅርታ እንድጠይቅ አብሬያቸው እንድሄድ ታዘዝኩ። መኪናው ውስጥ ከሰበታ ጀምሮ የሚመጣብኝን ቁጣ እየጠበቅሁ መቀመጫዬ ላይ አንሼ ተቀመጥኩ። አየር ጤናን ስናልፍ መነጽራቸውን አደረጉና ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ያ ሰላምታ ነው፤ በወረቀት አሳትመውታል።

«ኦሮምኛው ላይ ጌሰን፣ አደረሳችሁ የሚለው ቃል፣ የሚጻፈው በሁለት ኤስ ነው» አሉኝ። «አንተ አንድ አድርገኸዋል።»

አየሁት። እውነታቸውን ነው።

«ብራዚል ድረስ ሄዷል፤ በእኔ ስም» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት። «ከሁሉም ያሳፈረኝ እሱ ነው።»